በር፣ ብር፣ ባር፦ ጉልሕ ፊደል ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ

በር፣ ብር፣ ባር። ሦስቱም ቃላት በሁለት በሁለት ፊደል ይጻፋሉ። አንዱ መግቢያና መውጫ፣ ሁለተኛው ገንዘብ፣ ሦስተኛው መጠጥ ቤት ነው። በጽሑፍ የሚለያያቸው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከአንድ ቤተሰብ የወጣ ነው። ግእዙ «በ» በሁለት እኩል እግሮች ይቆማል፤ ራብዑ «ባ» የግራ እግሩ ያጥራል፤ ሳድሱ «ብ» በግራ ጎኑ ጥቂት ጭረት ያወጣል። መጽሐፍ ገልጦ የተቀመጠ ሰው ይህን ልዩነት ልብ ሳይለው ያልፈዋል፤ ዓይኑ ለምዶታልና። ከመንገድ ማዶ ቆሞ፣ አቧራና የቀትር ፀሐይ በመካከል ገብተው፣ በወፍራም ቡሩሽ የተጻፈ ታፔላ ለሚያነብ ሰው ግን የዚያች ጭረት መኖርና መጥፋት በሰዓሊው እጅ ነው። መተማና ጋላባት ፊት ለፊት በሚተያዩበት ድንበር በሩም፣ ብሩም፣ ባሩም በአንድ መንገድ ዳር ስለሚገኙ፣ ይህኛው ስሕተት ቢያስቅ እንጂ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዱት ሌሎች ናቸው። ወደ እነርሱ ከመድረስ በፊት ግን ወፍራሙ ፊደል ራሱ የመጣበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

በላቲን ፊደል ዓለም ወፍራምና ጌጥ አልባ ፊደል የገበያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 በለንደን ዊልያም ካስሎን አራተኛው በናሙና መጽሐፉ ያወጣው፣ በጭረቱ ጫፍ ላይ የተለመደችው ትንሽ እግር የተቆረጠችለት ፊደል፣ በእርሳስ ከተቀረጹት የዚህ ዓይነት ፊደላት ቀዳሚው ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ በተስፋፋ ቁጥር ፊደሉም እየወፈረ ሄደ። ጫፉን ማድቦልቦል ደግሞ ከመሣሪያው የመጣ ነው፤ ክብ ጫፍ ያለው ብዕር፣ ክብ ቡሩሽ፣ ብረትና እንጨት የሚፍቅ ክብ መሮ ሁሉም የደነዘ ጫፍ ይተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ለቮልስዋገን ኩባንያ (በእኛ አገር «ቮልስ» ብለን ለምናውቃት መኪና ሠሪ) የተዘጋጀው ክብ ጫፍ ያለው ፊደል በአውሮፓ ታዋቂ ሆነ። በጃፓንም የመንገድና የባቡር ጣቢያ ሰሌዳዎች ለረጅም ጊዜ በክብ ጫፍ ፊደል ተጽፈዋል። ይህን ያየ ሰው ደማቅና ክብ ፊደል ለእኛ ጽሕፈት ከውጭ የመጣ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

የብራና ጽሕፈት አጥኚዎች የግእዝን የእጅ ጽሕፈት በዘመን ሲከፋፍሉ ሁለት የአገር ቤት ቃላትን ይጠቀማሉ፤ «ረቂቅ» እና «ጉልሕ» ይላሉ። ጥንታዊው የብራና ጽሕፈት ማዕዘናምና ቀጥ ያለ ነበር። ረቂቁ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ከጎንደር ነገሥታት ጋር አብሮ የገነነው ጉልሕ ደግሞ ትልቅ፣ ደልደል ያለና ሰፊ ነው። ቁም ጸሐፊው መቃውን ሰፋ አድርጎ ይቆርጣል፤ ወደ ታች የሚወርደው ጭረት ይወፍራል፤ ወደ ጎን የሚሄደው ይቀጥናል። መስመሩ በብራናው ላይ ያለ ቀለም ስለሚሠመር ፊደላቱ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ በመካከላቸውም የማይጣበብ ነጭ ቦታ ይቀራል።

የጉልሕ ምሥጢር ያለው በዚያ ነጭ ቦታ ነው። የጎንደር ጸሐፊ ፊደሉን ያወፈረው ፊደሉን ጨምሮ በማስፋት ነበር። «መ» እና «ወ» ጭረታቸው ሲከብድ በዚያው ልክ ሆዳቸው ይሰፋል፤ «ሐ» እና «ጠ» እግሮቻቸው ሲወፍሩ በእግሮቻቸው መካከል ያለው ክፍተትም ይጨምራል። ኃምስ ፊደል በቀኝ እግሩ ሥር የሚያንጠለጥላት ቀለበት፣ በ«ሌ»፣ በ«ሴ»፣ በ«ቤ» ላይ የምትታየው፣ ውስጧ ክፍት ሆና ትቀራለች። ለዚህ ሁሉ ብዙ ብራና ያስፈልጋል፤ ብራና ማለት ደግሞ የፍየልና የበግ ቆዳ ማለት ነው። ስለዚህም ጉልሕ የነገሥታትና የታላላቅ አድባራት ጽሕፈት ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ካኖሯቸውና እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ዘርፈው ከወሰዷቸው መጻሕፍት ውስጥ ብዙዎቹ የዚህ ዘመን ሥራዎች ናቸው። (የቋራው ካሣ ያደጉበት አገር ከጋላባት ሩቅ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ጉልሕ በገዳሪፍ በኩልም አልፏል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ ቆላ ወርዶ፣ የአትባራን አገር አቋርጦ በ1772 ስናር ሲደርስ፣ በጎንደር ያገኛቸውንና ያስገለበጣቸውን የብራና መጻሕፍት ይዞ ነበር። መጽሐፈ ሄኖክም ከእነርሱ አንዱ ነው። አውሮፓ የሄኖክን ሙሉ መጽሐፍ ያገኘችው ዛሬ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ በሆነው በዚህ ሜዳ ላይ በተጓዘ ጓዝ ነው።

ከብራና ወደ እርሳስ በተደረገው ሽግግር ግን ያ የነጭ ቦታ ጥበብ አብሮ አልተሻገረም። የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም የታተመው በጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ጥረት ነው። ፖትከን ፊደሉን የተማረው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲሆን፣ ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ እስከ መሳሳት ደርሶ ነበር። በ1548 እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን ለማተም የበቁት አባ ተስፋ ጽዮን ግን የደብረ ሊባኖስ ሰው ናቸው፤ ፊደሉ ከእናት አገሩ በወጣ ዐይን ሲታይ የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ የእርሳስ ፊደል የራሱ ሕግ አለው። የላቲን ፊደል ቀራጭ ትልልቁንና ትንንሹን ቢደምር ከሃምሳ ጥቂት በሚበልጥ ቅርጽ ሥራውን ይጨርሳል። የአማርኛ ፊደል ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ኰ» እና «ጐ»፣ ቁጥሮችና ነጥቦች ገና አልተቆጠሩም። ማተሚያ ቤት «አንድ ደማቅ ፊደል ይጨመርልኝ» ካለ ይህ ሁሉ እንደ አዲስ ይቀረጽልኝ ማለቱ ነው። ፊደል ለቃሚውም ሁለተኛ መደርደሪያ ያስፈልገዋል።

በመሆኑም በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ባቋቋሙ ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ኅትመት አንድን ቃል ለማጉላት ሲፈልግ ከውፍረት ይልቅ መጠኑን ከፍ ያደርግ ነበር፤ ወይም እንደ ብራና ጸሐፊው ቀይ ቀለም ይጠቀም ነበር። ደማቅ ፊደል በአማርኛ ዘግይቶ የመጣ ቅንጦት ነው። ከኅትመት ይልቅ ያሳደገው የሰዓሊው ቡሩሽ ነው፤ በሱቅ ታፔላ፣ በመኪና ጎን፣ በቡና ቤት ግድግዳ ላይ።

ጉልሕ ፊደል ሳይኖር ማጉላት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይኸው ድንበር በጦርነት ጊዜ አይቷል። ጣሊያን ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሰላንና ጋላባትን ያዘ። በዚያው ክረምት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ነበሩ፤ በነሐሴ ወር ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመሩት ሚሲዮን 101 ከገዳሪፍ በኩል ተነሥቶ ድንበሩን በመሻገር ወደ ጎጃም አርበኞች አመራ። ካርቱም ላይ ደግሞ ቀድሞ በኢትዮጵያ የዘ ታይምስ ጋዜጣ ወኪል የነበረው ጆርጅ ስቲር በቅስቀሳው ሥራ ላይ ተመድቦ በአማርኛ የሚበተኑ ወረቀቶችንና «ባንዲራችን» የተባለውን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። ወረቀቱ ከአውሮፕላን ይጣላል፤ ሜዳ ላይ የወደቀውን አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው አንሥቶ ለብዙዎች ያነባል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከሩቅ መጮኽ ነበረበት፤ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ የጮኸው ግን በፊደሉ ውፍረት ሳይሆን በራስጌው በነበረው በይሁዳ አንበሳ ማኅተም ነው። ማንበብ የማይችለውም ማን እንደጻፈው ያውቅ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ሲሻገሩ ያ ማኅተም በብዙ መንደር ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። የሰዓሊን ወይም የፊደል ቀራጭን ሥራ ምስል ሠራው ማለት ነው።

ከነጻነት በኋላ የአንባቢውን ዓይን የለወጡ ሁለት ነገሮች መጡ። አንደኛው የጽሕፈት መኪና ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ከወረራው በፊት የጀመሩት ጥረት ፊደልን በመክፈል ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ዋናው አካል በአንድ ምት ይመታል፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥል በሌላ ምት ይከተላል። ኋላ በየመሥሪያ ቤቱ በተሰራጩት መኪኖች የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው የፊደሉ ጭረት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውፍረት እንዳለውና ጫፉ እንደደነዘ ያስታውሳል። የመቃ ብዕር ወፍራምና ቀጭን ጨዋታ እዚያ የለም። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ባለ ጉዳይና ተማሪ ሳያውቁት ከመቃው ጋር ተለያዩ።

ሁለተኛው መሠረተ ትምህርት ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በግእዝ ፊደል እየጻፈ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ፊደል አስቆጠረ። የዘመኑ መፈክርም በትልልቅ ወፍራም ፊደል በየአደባባዩ ይሰቀል ነበር። ስለ ዘመኑ ፖለቲካ የሚባለው ሌላ ነው፤ ስለ ፊደሉ ግን አንድ ነገር ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ጉልሕ ጽሕፈት የቤተ መንግሥትና የደብር ንብረት መሆኑ አበቃ። አሁን የሚያነበው ገበሬው ነው፤ የሚያነበውም ቆሞ፣ ከርቀት፣ አንዳንዴም እየቆጠረ ነው። አዲስ አንባቢ ፊደልን የሚለየው በቃሉ መልክ አይደለም፤ እያንዳንዱን ቅጥል እያየ ነው። ጭረት ስትጠፋበት ከአረፍተ ነገሩ ሊያሟላት አይችልም።

እንዲህ ያለው አንባቢ ነው ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሰደደው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በኡም ራኩባ፣ በተዋዋ፣ በወድ ከውሊና በሳፋዋ ከትግራይ፣ ከወሎና ከጎንደር የመጡ ሰዎች ተጨናንቀው ነበር። ኋላ ከካርቱም በአውሮፕላን የተወሰዱት ቤተ እስራኤልም በኡም ራኩባ ብዙ ሰው ቀብረዋል። ኡም ራኩባ ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ኅዳር 2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ በሐምዳየትና በሉግዲ በኩል በጥቂት ወራት ከ60,000 በላይ ሰው ገባ፤ ከታኅሣሥ ወር መጨረሻ ጀምሮም ቱናይድባ የተባለው ሰፈር ተጨመረ። የአብዛኞቹ ቋንቋ ትግርኛ ነበር፤ ፊደሉ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም «ቐ» የሚለውን ይጨምራል።

በስደተኛ ሰፈር ሰሌዳ ከምግብና ከውሃ ቀጥሎ የሚያስፈልግ ነገር ነው። የት ይመዘገባል፣ ክሊኒኩ በየት በኩል ነው፣ የትኛው መጸዳጃ የሴቶች ነው፣ ራሽን በየትኛው ቀን ይታደላል፤ ይህን ሁሉ ሰሌዳው ይናገራል። እዚህ ላይ ነው የሚጎዱት ስሕተቶች የሚመጡት። «ውሃ የሚሰጥበት» እና «ውሃ የሚሸጥበት» የሚሉትን አጻጻፎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። በ«ሰ» እና በ«ሸ» መካከል ያለው ልዩነት ከራሱ ላይ የምትጋደም አንዲት ሰረዝ ናት። ወፍራም ቡሩሽ ሰረዟንና የፊደሉን ራስ አንድ ላይ ሲደፍናቸው፣ ወይም ሰዓሊው እንደ ጌጥ ቆጥሮ ሲተዋት፣ የሚሸጠው የሚሰጥ ይሆናል፤ ወረፋ የያዘች እናት ባዶ ኪሷን ይዛ ጫፍ ከደረሰች በኋላ ነው የምታውቀው። በተቃራኒው ደግሞ ራሱ ሲያብጥ የሚሰጠው የሚሸጥ ይመስላል፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ሳይጠጋ ይመለሳል፤ ይህኛው የባሰ ነው፤ ማንም አያየውምና። «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ዘ» እና «ዠ»፣ ትግርኛው «ቀ» እና «ቐ» የሚለያዩት በዚህችው በራስ ላይ ሰረዝ ነው። ቀለበቷ የተደፈነች «ቤ» ደግሞ «ቢ» ትሆናለች፤ «ሴ»ም «ሲ»።

የገዳሪፍ ሰሌዳ ጻፊ፣ በዐረብኛው «ኸጣጥ» የሚባለው፣ የዚህን ችግር መፍትሔ ከራሱ ፊደል ያውቀዋል። በዐረብኛ «ባ»፣ «ታ» እና «ሳ» አጽማቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ነጥብ ነው፤ አንድ ከታች፣ ሁለት ከላይ፣ ሦስት ከላይ። በዐረብኛ ጽሕፈት ትምህርት ደግሞ ነጥብ መለያ ብቻ አይደለችም፤ መለኪያም ናት። እ.ኤ.አ. በ940 ከሞተው ከኢብን ሙቅላ ጀምሮ የሚነገረው ሥርዓት የፊደልን ቁመትና ስፋት በብዕሩ አንድ ነጥብ ልክ ይቆጥራል። ስለዚህ ብዕሩ ሲወፍር ነጥቡም አብሮ ይወፍራል፤ ሊዘነጋ የሚችል ቅጥያ አይደለም። የግእዝን ፊደል የማያውቅ ኸጣጥ ግን ከተሰጠው ወረቀት ላይ ሲቀዳ በእኛ ፊደል ውስጥ የነጥብን ሥራ የምትሠራው የትኛዋ ጭረት እንደሆነች ሊያውቅ አይችልም። የ«ብ»ን የግራ ጭረት የብዕር መንሸራተት ብሎ ቢተዋት ሊወቀስ አይገባውም። መንገር ያለበት ጽሑፉን ይዞለት የመጣው አስተርጓሚ ነው፤ «ይህች ነጥብ ናት» ቢለው በአንድ ቃል ይግባባሉ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ችግሩ የሚቀል መስሎ ነበር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። ከዚያ በፊትና ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ብዙ የፊደል ቅርጾች ተሠርተዋል፤ የሰናምርምር ፕሮጀክት ካዘጋጃቸው መካከል የጎጃሙን የቅኔ ቤት ስም የያዘው «ዋሸራ» በደማቅና በከፊል ደማቅ ክብደት የቀረበ ሲሆን፣ በይገዙ ብስራት ስም የተጠራው «ጎቲክ» ደግሞ ጌጥ አልባውን መንገድ የተከተለ ነው። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ በብዛት የተሰራጩት ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለገበያ የቀረበው «ኒያላ» እጅግ ያማረ ቅርጽ ነው፤ የመቃውን ወፍራምና ቀጭን ጠብቋል። ክብደቱ ግን አንድ ብቻ ነው። «አቢሲኒካ»ም እንዲሁ። ጸሐፊው «ቦልድ» የሚለውን ሲጫን ኮምፒዩተሩ ደማቅ ፊደል ስለሌለው የቀጭኑን ዳር በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያሳብጠዋል። ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ያብጣል። የ«ሴ» ቀለበት ይደፈናል፤ የ«ሸ» ሰረዝ ከራሱ ጋር ይጣበቃል፤ የ«መ» ሆድ ይጠባል። ቁም ጸሐፊው ብራና አባክኖ ያተረፈውን ነጭ ቦታ ማሽኑ በአንድ ጠቅታ ይበላዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ይህን አስተካክለዋል። ከአፕል ኮምፒዩተሮች ጋር የወጣው የጄሬሚ ኦርኑስ «ኬፋ» ለብቻው የተነደፈ ደማቅ አለው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 የግእዝ ፊደልን ወደ «ኤብሪማ» ሲጨምርም ከነደማቁ ነው። የጉግል «ኖቶ» ጌጥ አልባው ዓይነት ከፀጉር ቀጭኑ ጀምሮ እስከ እጅግ ወፍራሙ ድረስ ተዘርግቷል። በእነዚህ ላይ «በ፣ ባ፣ ብ» ወፍረውም ይለያሉ። ይሁን እንጂ በአንድ የኅትመት ሱቅ ኮምፒዩተር ላይ የተጫነው ፊደል የሚለወጠው ማሽኑ ሲሞት ነው፤ በፕላስቲክ ባነር ላይ ስሙን የሚያሳትም ባለ ሱቅም ስለ ፊደሉ ክብደት አይጠይቅም። ስለዚህ ያበጠው ፊደል በየአደባባዩ ይሰቀላል። በዚህ ረገድ የቀድሞው ባለ ቡሩሽ ሰዓሊ የተሻለ ነበር፤ ቢያንስ የሚጽፈውን ያነበው ነበር።

ጫፉ ክብ የሆነ ደማቅ የግእዝ ፊደል የሚነድፍ ሰው ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ተጨማሪ ችግር ያገኛል። ክብ ጫፍ ያለው ጭረት እኩል ርዝመት ካለው ጠፍጣፋ ጭረት አጥሮ ይታያል፤ ዓይን ጥምዝዙን አይቆጥረውምና። በላቲን ፊደል ይህ የውበት ጉዳይ ነው፤ ፊደሉን ጥቂት አስረዝሞ ማለፍ ይቻላል። በእኛ ፊደል ግን የእግር ርዝመት ድምፅ ነው። «በ» ሁለት እኩል እግር ሲኖረው «ባ» በግራ ያጥራል፤ «ቦ» በቀኝ ያጥራል። ሁለቱም እግሮች ሲደቦለቦሉ ልዩነቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ነዳፊው አጭሩን እግር ከሚገባው በላይ ማሳጠር፣ ረጅሙን ከመስመር በታች ማውረድ ይኖርበታል። የ«ብ» ጭረት ከአካሉ ጋር እኩል ልውፈር ብትል ጉብታ ትሆናለች፤ ስለዚህ ቀጥና ግን ረዝማ መውጣት አለባት። የኃምሱ ቀለበት ከሁለት አንዱን ትመርጣለች፤ ወይ ከእግሩ ወጣ ብላ ሆዷን ክፍት ታደርጋለች፣ ወይ ቀዳዳዋን ትታ ከሣልሱ እግር በግልጽ የምትበልጥ ጉልላት ትሆናለች። ሁለተኛው ምርጫ በብራና ሰው ዘንድ እንደ ነውር ሊታይ ይችላል፤ በሌሊት በመኪና መብራት ለሚነበብ ሰሌዳ ግን የሚያዋጣው እርሱ ነው። ጆክ ኪኔርና ማርጋሬት ካልቨርት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝን የመንገድ ሰሌዳ ፊደል ሲነድፉ ብርሃን ያረፈበት ፊደል ለዓይን እንደሚያብጥ ቆጥረው በፊደላቱ መካከል ያለውን ቦታ አስፍተዋል። በዋናው ሐሳብ የጎንደሩ ቁም ጸሐፊ ከእነርሱ ጋር የሚጣላ አይመስልም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የመንገዱ አቅጣጫ ተገለበጠ። በካርቱም ጦርነት ሲነሣ በገዳሪፍና በጋላባት አድርጎ ወደ መተማ የሚሻገረው ሱዳናዊው ሆነ፤ በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ የስደተኛ ሰፈሮች ተቋቋሙ፤ እነርሱም በጸጥታ ችግር ምክንያት ወደ ሌላ ሥፍራ እንዲዛወሩ ሆነ። አሁን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ያለበት የአማርኛ ሰዓሊ ነው፤ ከወረቀት ላይ የሚቀዳውም እርሱ ነው። በዐረብኛ «በናት» ማለት ልጃገረዶች፣ «ነባት» ማለት ዕፅዋት ነው። የሁለቱ ቃላት አጽም ፍጹም አንድ ነው፤ የሚለያቸው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት መካከል ነጥቡ ከላይ የሚሆነው የትኛው፣ ከታች የሚሆነውስ የትኛው ነው የሚለው ብቻ ነው። በመጸዳጃ በር ላይ ይህን የሚጽፍ የመተማ ሰዓሊ ሁለት ነጥብ በእጁ ይዞ ይቆማል፤ አስተርጓሚውም ከጎኑ ቆሞ አንዷን ወደ ላይ፣ አንዷን ወደ ታች ይጠቁመዋል።